ምስል ሁለት ቤት አያድርም

ሴፕቴምበር 2

ይህን ደብተር ሞርስቢ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የገዛሁት ለመመረቂያ ጽሑፌ ረቂቅ ነበር። የጻፍኩባቸውን ስድስት ገጾች ዛሬ ጠዋት ቀድጄ ለአጎቴ ሚስት ለሚሪ እሳት ማያያዣ ሰጠኋቸው። "ዴማስ፣ ትምህርትህ ቶሎ ይነዳል" አሉኝ እየሳቁ። የተረፈው ወረቀት ለዚህ ወቅት ይሁን።

እንጨቱ ዛሬ ገባ። ሰባት ሰው ተሸክሞት ከጫካው ወረደ። የአባቴ እህት ልጅ ጋሮ ከፊት ከፊት እየሄደ "መንገድ ልቀቁ፣ እመቤት እያለፈች ነው!" ይል ነበር። የእናቴ ወንድም አጎቴ ሎቫን፣ ቀራጩ፣ ከኋላ ዝም ብለው ይከተላሉ። ግንዱን በቅጠል በተሠራው አጥር ውስጥ አስገቡት። የእናቴ ማላጋን፣ ሙት የሚሰናበትበት ቅርጽ፣ ከዚያ ግንድ ይወጣል። ገና ቅርፊቱ አልተላጠም፣ ግን ሰው ሁሉ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ምስሏ ተቀርጾ በሰው ፊት እስኪታይ ድረስ ከመንደሩ ዳር አትርቅም፤ ገና አልተሰናበተችም። የሚታይበት ቀን ኖቬምበር 22 ተብሏል።

ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። ፈተና ነበረብኝ።

ሴፕቴምበር 5

ሚስተር ኦርትማን ካቪዬንግ ከተማ ገብቷል። ስልኩ እየተቆራረጠብኝ እስከ ወገቤ ባሕር ውስጥ ገብቼ አናገርኩት፤ እዚያ ጋ ብቻ ነው ኔትወርክ ያለው።

ይህን ሰው ያወቅኩት ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ከሩቅ ብርዳም አገር፣ ከአንድ ሙዚየም መጥቶ ስለ እኛ ደሴት ቅርጾች አስተማረን። መብራቱ ጠፍቶ ግድግዳው ላይ አንድ በአንድ አለፉ፤ ዓሣ የዋጠ ወፍ፣ ወፍ የዋጠ ሰው፣ እባብ የታቀፈች ሴት። ከእኛ የባሕር ዳር የተወሰዱ ስልሳ አንድ ቅርጾች አሏቸው። አያቶቻችን ለመርከበኞች በመጥረቢያና በትምባሆ የለወጧቸው ናቸው። ያን ቀን ከክፍሉ ስወጣ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም። እድሜ ልኬን ከነሱ ጋር መኖር ፈለግኩ።

አሁን ሥራ አለ። የሁለት ዓመት፣ በሙዚየሙ የቅርጾቹ ረዳት ጠባቂ። ግን ሙዚየሙ አዲስ ቅርጽ ይፈልጋል፤ የእናቴን።

ይህ በራሱ ነውር የለውም። ማላጋን አንዴ ከታየ በኋላ ሥራውን ጨርሷል። አጎቴን ስጠይቃቸው ቀና እንኳ አላሉም። "ከታየ በኋላ ዝናብ ይውሰደው፣ ምስጥ ይውሰደው፣ ያንተ ፈረንጅ ይውሰደው፣ ለእኔ አንድ ነው" አሉ።

ችግሩ ሌላ ነው። ቦርዱ የሚሰበሰበው በኦክቶበር ነው። ኦርትማን "እስከዚያ የሚያዩት ነገር ያስፈልጋል። አንዲት ንድፍ ብትሆንም" አለኝ።

"ከመታየቱ በፊት ማንም አያይም" አልኩት።

"ገባኝ፣ ገባኝ። እንዲያው አስብበት።"

ውኃው እስከ ወገቤ ሞቃት ነበር። ብዙ ቆሜ አሰብኩበት።

ሴፕቴምበር 11

አጎቴ እንዴት እንደሚሠሩ ሞርስቢ ላሉት መምህሮቼ ብነግራቸው አያምኑኝም ነበር። ምሳ ከበሉ በኋላ የዝንጅብል ቅጠል በጉንጫቸው ይዘው ከእናቴ መቃብር አጠገብ ምንጣፍ ላይ ይጋደማሉ። ባሕሩ ይተነፍሳል፣ እሳቸውም ይተነፍሳሉ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ሲነቁ ማንንም ሳያናግሩ፣ ሙሉ ቅል ውኃ እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብለው ወደ አጥሩ ይሄዳሉ። ከዚያ ምሳሩ ይሰማል።

"ሥራው መተኛቱ ነው፤ ምሳሩማ እንቅልፉ ያሳየውን መከተል ነው" ይላሉ።

"እኔ እኮ ታዲያ ስንት ማላጋን ቀርጫለሁ!" አለ ጋሮ። በእኛ ዘንድ የአባት እህት ልጅ ያሻውን ቢናገር አይቆጡትም። "ቀኑን ሙሉ ነው የምተኛው።"

"አንተ የምታየው አሳማ ነው" አሉት ሚሪ።

ማታ ጎደሬ እየላጥን ሳለ አጎቴ "ዛሬ እናትህን አየኋት፤ መረብ ትጠግናለች" አሉኝ። እንደ ተራ ነገር ነበር የነገሩኝ፣ ገበያ ላይ ያገኟት ያህል።

እኔ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ።

ሴፕቴምበር 19

የእህት ልጅ ስለሆንኩ ኖራና ውኃ ይዤ አጥሩ ውስጥ እንድገባ ተፈቀደልኝ። አገባቡ ዓይንን መሬት ላይ ተክሎ ነው። ለቅርጹ ዓይን እስኪገባለት ድረስ ሰውም ዓይኑን አያነሣበትም፤ ቀድሞ ያየ ምስሉን ወሰደ ይባላል። የማየው የአጎቴን እግር፣ የእንጨት ፍቅፋቂውንና የራሴን ነጭ ጣቶች ነው። ኖራው እስከ ክርኔ ይደርሳል።

ፍቅፋቂው እንደ ቅቤ ነጭ ነው፣ ሽታው እንደ ሕፃን ራስ።

ሴፕቴምበር 24

አጎቴ ተኝተው ሳለ አጥሩ ውስጥ ውኃ ቀየርኩ።

ብዙ አልቆየሁም። ለጥናት ነው። ሳይንስም ጥበብም የሚጀምረው ከማየት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩን ይህንን ነው።

ቀጣዩን ገጽ ትቼዋለሁ። ማለቴ፣ ጽሑፍ የለበትም።

ሴፕቴምበር 26

በጭነት መኪና ካቪዬንግ ሄድኩ። ገጹን በስልክ አንስቼ ላክኩ። ኦርትማን ወዲያው መለሰ፦ "ድንቅ! ድንቅ! ድንቅ!"

ለአጎቴ ትምባሆ ገዛሁ። እሳቸው በዓመት የማይጨርሱት።

ኦክቶበር 1

አጎቴ ተኝተው ነቁ። ወደ አጥሩ አልሄዱም።

ኦክቶበር 3

ዛሬም።

ሚሪ "ሆዱ ነው፣ ያ በጭስ የደረቀው ዓሣ አልተስማማውም" ይላሉ። እኔም ሆዳቸው ነው ብዬ አስባለሁ።

ኦክቶበር 7

ሆዳቸው አይደለም።

እራት ላይ ሰው ሁሉ ባለበት ተናገሩ። "አትመጣልኝም። ብትመጣም ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምትቀመጠው። እጄ ከአንገቷ በላይ አይሄድም።" ከዚያ ጣታቸውን ላሱና "ምስል ሁለት ቤት አያድርም። አንድ ሰው ወስዶብኛል" አሉ።

"እንግዲህ የማን ቤት አድራ ይሆን?" አለ ጋሮ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የእኔ ሳቅ ከሁሉም ረዘመ።

ድግሱ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ከአራት ቀን ቀርቶታል። ለአሥራ አንድ መንደር መልእክት ተልኳል። ፊት የሌለው ማላጋን ለእንግዳ አይወጣም። ምስሉ ካልወጣ ደግሞ ድግሱ ይቀራል፣ እናቴም የመንደሩ ዳር እንደቆመች ትቀራለች።

በእርሳስ የተሳለ ወረቀት ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዶቹ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ቡዋይ፣ ያንን አፍ የሚያቀላ ፍሬ፣ ያኝካሉ። እኔ ከጀርባቸው በተሰቀለው የመረብ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ቅጠሎቹ ፀሐይዋን ሲቆራርጧት እያየሁ በግማሽ ጆሮ እሰማለሁ።

"የወሰደው የወዲያኛው መንደር ታሩን ነው። እንጨቱ በገባ ሳምንት እዚህ አልነበረም?"

"ምስማር ሊበደር ነው የመጣው።"

"ምስማር! አሮጌ ቀራጭ ምስማር ምን ያደርግለታል? የራሱ ሕልም ደርቆበት ነው።"

"ይጠራና ይማል።"

መነሣት ነበረብኝ። ሰውነቴ ግን እንቅልፍ ውስጥ እንዳለ ሰው ከበደኝ። መረቡ ይወዛወዛል። መረቡን የሠራችው እናቴ ናት። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩና በእውነት ተኛሁ።

ሕልም አየሁ፣ እሷን ግን አይደለም። ስልሳ አንድ መሳቢያ ያለው ረጅም ነጭ ክፍል ነበር። በየመሳቢያው ውስጥ አንድ አንድ ሰው ተኝቷል። አንዳንዶቹ በእኛ ቋንቋ "ነጋ?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔ የቁልፍ ዘለላ ይዤ "ገና ነው፣ ተኙ" እላቸዋለሁ።

ኦክቶበር 16

ቦርዱ ተስማማ። ሥራው የእኔ ነው። ኦርትማን በድግሱ ቀን ሣጥን አሠርቶ ይመጣል፤ ጃንዋሪ አብረን እንበራለን።

የምስራቹን ለሚሪ ነገርኳቸው። እልል አሉና እጄን ይዘው "እናትህ ይህን ብታይ" አሉ።

ወደ ባሕሩ ሄድኩ። ጥሩ ዜና ነው። ጥሩ ዜና ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ኦክቶበር 20

ታሩንን አመጧቸው።

በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው መጡ፤ ሰማንያ ሳያልፋቸው አይቀርም። አደባባዩ መሃል ቆመው ጎደሬ በእጃቸው ይዘው ማሉ። ከዚያ መሐላው አልበቃቸው ብሎ ወደ አጎቴ ዞሩ።

"ሎቫን፣ እኔ ሌባ ነኝ? የእህትህን ሣጥን የቸነከርኩ እኔ ነኝ እኮ። ልጇ በሌለበት በእሱ ፈንታ አፈር የመለስኩ እኔ ነኝ። ያኔ ያልሰረቅኩህን ዛሬ እሰርቅሃለሁ?"

አጎቴ "እኔ አልጠራሁህም፣ ወንድሜ" አሉ። ድምፃቸው አይሰማም ነበር።

"ግን ዝም ብለሃል" አሉ ታሩን። አለቀሱም። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፣ አገጩ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። አጥሩ ውስጥ ለምጄው ይሆናል።

ኦክቶበር 21

ነገርኳቸው።

ጎሕ ሲቀድ አጎቴ ባሕር ዳር ምሳራቸውን በአሸዋ ያጥቡ ነበር። ባሕሩ ሩቅ ሸሽቷል፤ አየሩ የወተት መልክ አለው። እዚያ የደረስኩት በራሴ እግር አይመስለኝም።

"አጎቴ፣ ታሩን አይደሉም። እኔ ነኝ። ሳልኩት።"

ምሳሩን አገላብጠው አዩት። "ሃያ ሰባት ቀን ፈጀብህ" አሉ።

"ያውቁ ነበር?"

"ኖራ ተሸክሞ ከአጥር የሚወጣ ሰው ጣቱ ነጭ ነው። ያን ቀን ያንተ ጥቁር ነበር።"

እርሳሱ። ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ ስለ ትምባሆውም ስለ ቦርዱም ስጽፍ ጣቴን አላየሁትም።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"በአፍህ እንድትመልሰው ነዋ። ከአፍህ ጎትቼ ባወጣው መመለስ አይደለም፣ መንጠቅ ነው። ታሩንን ይጠሩታል ብዬ ግን አላሰብኩም። እሱ የእኔ ዕዳ ነው፤ ሁለታችን እንሸከመዋለን።" ምሳሩን አሸዋው ላይ አስቀመጡ። "ለምን ሳልከው?"

ስለ ሥራው ጀመርኩ። ስለ ቦርዱ፣ ስለ ስልሳ አንዱ ቅርጾች...

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

ያኔ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "ፊቷን ረስቼዋለሁ" አልኩ። "እርስዎ በየቀኑ ያይዋታል። ጋሮ እንኳ አንዴ በሕልሙ አይቷታል። እኔ ጋ አትመጣም። እንጨቱ ላይ አየዋለሁ ብዬ ነው። ቀብሯም ላይ አልነበርኩም፣ ፈተና ነበረብኝ... ፈተናው ደግሞ ሁለተኛ ዙር ነበረው። ለቀረ ሰው በወሩ ይሰጥ ነበር። መምጣት እችል ነበር። ፈርቼ ነው የቀረሁት።"

አጎቴ ተነሡ፣ ምሳሩን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። "ገጹን አምጣ" አሉኝ።

ኦክቶበር 22

እዚህ ደብተር ላይ ከሴፕቴምበር 24 በኋላ የተቀደደ ጠርዝ አለ። ገጹን አጎቴ የኮኮነት ልጣጭ ውስጥ አቃጠሉት። አመዱን አልጣሉትም። ከከሰል ጋር ደቁሰው ለጥቁሩ ቀለም አስቀመጡት።

ለኦርትማን ጻፍኩ፦ ሥዕሉን አጥፋልኝ። አክብሮ መለሰልኝ፤ አዝናለሁ፣ ለቦርዱ አርባ ቅጂ ታትሟል አለ።

ይህን ለአጎቴ መንገር ከመጀመሪያው ይልቅ ፈራሁ። ሰሙ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፣ ጥርሳቸውን ያቀላው ቡዋይ እስኪታይ። "አርባ ቤት! ሚሪ፣ ስሚ! የባልሽ እህት አርባ ቤት አላት!"

"እና ምን ይሻላል?"

"እንግዲህ ያቺ የእነሱ ትሁን፣ የወረቀቷ። እህቴ ሌላ መንገድ አታጣም።"

ከሰዓት በኋላ ተኙ። ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ቀስ ብለው፣ ሙሉ ቅል እንደተሸከመ ሰው፣ ወደ አጥሩ ሄዱ። ምሳሩ ሲሰማ የቀድሞው ድምፅ አልነበረም። የተቀረጸ ነገር ተቆርጦ ሲወድቅ ሰማሁ።

ኦክቶበር 25

አሳማዬን ለታሩን ወሰድኩ። ሚሪ በእኔ ስም ያሳደጉት፣ ትልቁ። መንደሩን በሙሉ አቋርጬ፣ አሳማው እየጮኸ፣ ሰዉ በየደጁ ወጥቶ እያየ። ጋሮ የእግሩን ጫፍ ይዞ አገዘኝ። "ተመራቂው ዛሬ ነው የተመረቀው!" ይላል ለሚያገኘው ሁሉ።

ታሩን አሳማውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ሴላን ትመስላለህ፤ በተለይ ስታፍር" አሉኝ።

የእናቴን ስም ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ኖቬምበር 3

ምሳሩ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። እኔ አጥሩ ውስጥ አልገባም፤ ተከልክያለሁ። ከውጭ ተቀምጬ ኖራ እፈጫለሁ። ድምፁን መስማት ይበቃኛል። ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ኳ።

ኖቬምበር 9

"ዓይኖቿን አንተ ታመጣለህ" አሉኝ አጎቴ ባለፈው ሳምንት።

የማላጋን ዓይን ከባሕር ነው የሚመጣው፤ የባሕር ቀንድ አውጣ የቀፎው በር መዝጊያ፣ ያ ክብ፣ መሃሉ አረንጓዴ። ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋዮቹ ላይ ወጣሁ። አንድ ዓይን ማግኘት ቀላል ነው። የሚመሳሰሉ ሁለት ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ይተልቃል፣ አንዱ አረንጓዴው ወደ ቡና ይሸሻል። ሦስት ቀን ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ። ሦስተኛው ቀን ውኃው ጉልበቴ ጋ ደርሶ፣ ፀሐይ ከስር ከድንጋዩ ላይ እየተንቀጠቀጠች፣ አንደኛውን መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው መልሶ አየኝ።

በልጅነቴ ከዚሁ ድንጋይ ላይ ስወድቅ ከላይ ሆና አይታኝ፣ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ ያመለጣት ቀን ነበር። ፊቷ አልመጣልኝም። አስተያየቷ ግን መጣ።

ሁለተኛውን እዚያው አጠገቡ አገኘሁት።

ኖቬምበር 22

ድካም። እጄ የአሳማ ስብ ይሸታል። አጭር እጽፋለሁ።

አጥሩ ፈረሰ። ሕዝቡ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ አለ። ታሩን ከአጎቴ ጎን ቆመዋል። በወጉ መሠረት፣ የምስሉ ባለቤትነት ወደ እኔ እንዲያልፍ፣ በክር የተሰካ ዛጎሌን በሰው ፊት መሬት ላይ አኖርኩ። አጎቴ ጆሮዬ ሥር የምስሉን ስም ነገሩኝና "በል፣ አሁን ቀና በል" አሉ።

ቀና አልኩ።

ኦርትማን ሣጥኑን ይዞ መጥቷል። ከድግሱ በኋላ ከቦርሳው ወረቀቱን አወጣ፣ ቅርጹን አየ፣ ወረቀቱን አየ።

"ዴማስ፣ ይሄ ሌላ ነው።"

"አዎ።"

"ቦርዱ ያጸደቀው ይህን የወረቀቱን ነው። ያኛው የት አለ?"

"ያኛው የለም። ኖሮም አያውቅም።"

ክፉ ሰው አይደለም። ፊቱ ላይ የነበረው ኀዘን እውነተኛ ነበር። ስለ ደንብ፣ ስለ ፊርማ፣ ስለሚቀጥለው ዓመት አወራኝ። ሥራው ከዚያኛው ቅርጽ ጋር እንደሄደ ሁለታችንም ገብቶናል። ጋሮ ሣጥኑን አንኳኳና "ጥሩ እንጨት ነው፤ ለዶሮ ይሆናል" አለ። ኦርትማን ሳቀ፤ ሣጥኑንም ትቶለት ሄደ።

ኖቬምበር 30

የመጀመሪያው ዝናብ።

ቅርጹን ትናንት ከማንግሮቩ ዳር አቆምነው፣ ለዝናቡ። ዛሬ ሄጄ እስክበሰብስ አጠገቡ ቆምኩ። መጀመሪያ ነጩ ወረደ፣ ከዚያ ቀዩ። ጥቁሩ እስከ መጨረሻው ቆየ፤ የእኔ ገጽ ያለበት። እሱም ቀስ ብሎ በእግሬ ሥር አልፎ ወደ ባሕሩ ገባ።

ሚሪ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ መንደሩ ቀለለኝ ይላሉ። እኔም ይሰማኛል፤ ባዶነት አይመስልም። እንግዳ በደህና የሸኙበት ቤት ይመስላል።

ጃንዋሪ የት እንደምሆን አላውቅም። ታሩን "ምሳር መያዝ ላስተምርህ፤ ምስማርማ ሞልቶኛል" ብለውኛል።

ምስሉ ምን እንደሚመስል እዚህ አልጽፍም። አሁን እኔ ጋ ነው ያለው፣ በሌላ በማንም ቤት የለም። አጎቴ ያረፉ ቀን ማላጋናቸውን ለሚቀርጸው ሰው በአፌ እነግረዋለሁ። እስከዚያው ከምሳ በኋላ የዝንጅብል ቅጠሌን ይዤ መረቡ ላይ እተኛለሁ። ጋሮ ባለፈ ቁጥር "ሥራ ገባህ?" ይለኛል።

"ገባሁ" እለዋለሁ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።